በሐጂ ዲሪር እግር ላይ የተገኘው ሙጫ

ሐጂ ዲሪር በደረጃው መታጠፊያ ላይ በጀርባቸው ተዘርግተው፣ አንገታቸው ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሮ ተገኙ። ሰው ሠራሽ እግራቸው ከእሳቸው አራት ደረጃ ከፍ ብሎ ቀርቷል። ጫማው እንደታሰረ ነው፤ ከጉልበት በታች ያለውን ጉቶ የሚያቅፈው የፕላስቲክ ማቀፊያ ግን ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አፉን ከፍቷል።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። የአስር ሰላት ከተሰገደ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር ሐጂ ዲሪርን የማያውቅ የለም፤ ባለ ሁለት ፎቁ ቤት የእሳቸው ነው፣ ውሃ የሚያመላልሱ ቦቴዎችም ነበሯቸው። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ እግሩን አንስቶ አገላበጠና ስንጥቁ ውስጥ ነጭ ነጭ የደረቀ ነገር አየ።

«ሱፐር ግሉ ነው» አለ።

ከዚህ በኋላ ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ያን እግር የጠገነው ከመንገዱ ማዶ ያለው ፕላስቲክ ጠጋኝ የሱፍ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የሟቹ ልጅ ናጂብ መንገዱን በሩጫ ተሻገረ። የየሱፍን ጠረጴዛ ገለበጠ፣ መደርደሪያውን አወረደ፣ ሰውየውን አፉን ብሎ አደማው። ፖሊስ ባይደርስ ኖሮ በዚያ ቀን ሁለት ጀናዛ ይወጣ ነበር።

ጉዳዩ ኢንስፔክተር ራሕሞ ዘንድ የደረሰው ዓርብ ጠዋት ነው። ራሕሞ ወላጆቿ በሶማሊያ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ይዘዋት ተሰደው፣ አዲስ አበባ ቦሌ ሚካኤል አድጋ፣ እዚያው ተምራ ወደ ሀርጌሳ የተመለሰች ሴት ናት። ሰው ሲናገር አታቋርጥም፤ ሳትጠይቅ መልስ የሚያቀብላትን ሰው ግን አትወድም። በዚያ ጠዋት ደግሞ ከበሩ እስከ ጠረጴዛዋ ድረስ መልሱን ያላቀበላት አልነበረም።

«ሀበሻው በርካሽ ሙጫ አጣብቆ ሰው ገደለ። ይህ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አላት ፋይሉን ያመጣው ፖሊስ።

«ፋይሉን አስቀምጥና ሂድ» አለችው።

በር ላይ የየሱፍ ሚስት ኡምሰልማ ምሳ ዕቃ ታቅፋ ቆማለች። የምግቡን ነገር ረስታዋለች።

«እርስዎ አማርኛ ይሰማሉ ብለውኝ ነው» አለች። «ናጂብ ትናንት በሕዝብ ፊት ምሏል። ካሳ አልቀበልም፣ ቂሷስ ነው የምፈልገው፣ ደም በደም ነው ብሏል። እኛ እዚህ አገር ጎሳ የለን። ሽማግሌ ሆኖ የሚቀመጥልን አንድ ሰው የለን። ሐዘኑ እሑድ ያበቃል። ከእሑድ በኋላ ባሌን ማን ያስጥልልኛል?»

ራሕሞ ልታጽናናት አልሞከረችም። «እሑድ ሁለት ቀን አለው» አለቻት፣ «ምሳውን ስጪኝና እኔ አደርስለታለሁ።»

የሱፍ የባቲ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ጣቶቹ በካውያ ጠባሳ የተሞሉ። የተሰነጠቀ ከንፈሩ አብጧል።

«እግሩን በምን አጣበቅከው?»

«አላጣበቅኩትም።»

«ስንጥቁ ውስጥ ሱፐር ግሉ አለ።»

«ሊኖር ይችላል። እኔ ግን አላስገባሁም። ያን ፕላስቲክ ሱፐር ግሉ አይዘውም። ይህን የማያውቅ ሰው የኔን ሥራ አይሠራም፣ ኢንስፔክተር።»

ራሕሞ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አስተምረኝ» አለችው።

የሱፍ ግራ ተጋብቶ አያት። ከትናንት ጀምሮ በጥፊ እንጂ በጥያቄ የመጣበት ሰው አልነበረም። ቀስ ብሎ ብርጭቆ ውሃ ጠየቀ። ከጠረጴዛዋ ላይ የተሰበረ ማስመሪያ አንስቶ ጫፉን ቆርሶ ጣለበት፤ ሰጠመ። ከውሃ ጠርሙሱ ክዳን ደግሞ ፍላጭ ቆርጦ ጣለ፤ ተንሳፈፈ።

«መጀመሪያ ፕላስቲኩን መለየት ነው» አለ። ድምፁ ጠንከር አለ፤ ስለ ሥራው ሲያወራ እስረኛ መሆኑን ረስቷል። «ይህ የሰጠመው ሙጫ ይቀበላል። የመነጽር ክፈፍ፣ የመኪና መብራት፣ የሬዲዮ ቀፎ ይህን ይመስላሉ። ይህ የተንሳፈፈው ግን ምንም አይቀበልም። ጀሪካን በሉት፣ ባልዲ በሉት፣ የመኪና ዘይት ማጠራቀሚያ በሉት፣ ሙጫው ላዩ ላይ ይደርቃል እንጂ አይጨብጠውም። በጥፍር ይላጣል። ለእሱ ያለው መላ ብየዳ ብቻ ነው፤ ከዘሩ የሆነ ፕላስቲክ አቅልጦ በካውያ ማዋሃድ።»

«የሐጂስ እግር?»

«ተንሳፋፊው ነው። ከመኪና ፓራውልት ላይ ጥቁር ቁራጭ ቆርጬ በየድኩት። ማቀፊያው የቆዳ ቀለም፣ ብየዳዬ ጥቁር። አያምርም ብላቸው ‹ሽርጥ ሥር ማን ያየዋል› አሉኝ። ማክሰኞ ማታ አስረከብኳቸው።»

«እንዴት አንተን መረጡ?»

«ዞረው ዞረው ነው የመጡት። ሦስት ጠጋኝ ዘንድ ሄደው ‹በምን ትጠግነዋለህ?› ብለዋል። ሦስቱም ሱፐር ግሉ ሲሏቸው ጥለው ወጥተዋል። እኔ ‹ይህ አይጣበቅም› ስላቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ‹ሠላሳ ዓመት ይህን ዓይነት እግር አድርጌአለሁ፣ ሙጫ እንደማይዘው ከአንተ በፊት ነው ያወቅኩት› አሉኝ።»

ራሕሞ ይህን ጻፈች፤ ከሥሩም አሰመረች። «ከዚያ ቤት ሰሞኑን ሱፐር ግሉ የገዛህ አለ?»

«ናጂብ። ማክሰኞ ጠዋት። እሱ ሁልጊዜ ይገዛል። ለጫማውም፣ ለስልኩም፣ ለመኪናውም። ያገኘውን ሁሉ ማጣበቅ ነው። ምን ያህል ጊዜ ብነግረው ይስቅብኛል።»

የሱፍ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ራሕሞ ኤግዚቢት ክፍል ገብታ እግሩን ጠየቀች። መስኮት ዳር ወስዳ አገላበጠችው። ጥቁሩ ብየዳ አለ፤ ያውም ወፍራም። ነገር ግን በስንጥቁ ግራ ጠርዝ ላይ ግማሹ፣ በቀኙ ጠርዝ ላይ ደግሞ ሌላው ግማሹ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ፊት ልሙጥ ሆኖ ደቃቅ የመጋዝ መስመሮች አሉበት። ነጩ ሙጫ ያለው በዚያ ልሙጥ ፊት ላይ ነው። በጥፍሯ ነካ አደረገችው፤ እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። ወንድ መርማሪ ቢሆን ኖሮ ሐጂ ዲሪር ትተዋት የሞቱትን ሚስት ከመጋረጃ ጀርባ ነበር የሚያናግራት። ራሕሞ ጫማዋን አውልቃ ፍራሹ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። ሂቦ የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፤ የናጂብ እንጀራ እናት። በምድር ቤቱ ትንሽ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ አላት። ሰፈርተኛው ስለ እሷ ሲያወራ ዕድሜዋንና የባሏን ሀብት አንድ ላይ መጥራት ይወዳል።

«አላህ ይማራቸው» አለች ራሕሞ። «ረቡዕ እግሩ ደህና ነበር?»

«እጅግ። መስጊድ በእግራቸው ሄደው መጡ። ጣሪያም ሁለት ጊዜ ወጥተው ወረዱ። እንደ ወጣት ሆንኩ ብለው ሲስቁ ነበር።»

«ሐሙስስ?»

«የቀትሩን ዙሁር ሰገድን፣ ምሳ በላን። በር ቆልፈን ማረፍ ልማዳችን ነው። እሳቸው እግራቸውን አውልቀው ኮሪደሩ ላይ ያቆሙታል፤ ላቡ እንዲደርቅ ነፋስ ይመታዋል። አስር ሲደርስ ያጠልቁታል።»

«በሩ ሲቆለፍ ውስጥ ማን ማን ነበር?»

«እሳቸው፣ እኔ፣ ናጂብና አስተዳዳሪያችን ዓብዲወሊ። ሌላ ሰው የለም።» ሂቦ ምን እንደተናገረች ቆይቶ ገባትና ፊቷን ሸፈነች። «በእኔ ላይ ይመጣል፣ አይደል? ሰው እስከዛሬም ሲጠብቅ ነበር።»

«እኔ ሰው አይደለሁም፣ መርማሪ ነኝ። አስር ሲደርስ ምን አደረግሽ?»

«ወርጄ ሱቄን ከፈትኩ። ሁለት ሴቶች ሒና ገዙ። ዓብዲወሊ ደግሞ አሴቶን ወሰደ።»

«የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን?»

በሐዘኗ መካከል ሂቦ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። «መኪናችን ላይ ቀለም ነጠበበት አለኝ። ጠርሙሱንም አልመለሰልኝም።»

ናጂብ በእንግዳ መቀበያው ዘመዶቹን አስከትሎ ተቀምጧል። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ገዳዩ እጃችሁ ላይ ነው» አላት ገና ስትገባ። «እሑድን እጠብቃለሁ። ከዚያ ወይ ትሰጡኛላችሁ፣ ወይ ራሴ እመጣለሁ።»

«ማክሰኞ የገዛኸው ሙጫ የት አለ?»

ያልጠበቀው ጥያቄ ነበር። «ኮሪደሩ መስኮት ላይ ነበር። ጫማዬን ሳጣብቅ እዚያው ተውኩት። አሁን የለም። ለምን?»

«አስርን የት ሰገድክ?»

«ምድር ቤት፣ በመስገጃው ክፍል። ባለሱቆቹም እዚያ ነው የሚሰግዱት። እኔ ነኝ ያሰገድኩት።»

«ሁልጊዜ አንተ ነህ?»

«ዓብዲወሊ ነው። ሐሙስ ጉሮሮዬ ተዘግቷል ብሎ እኔን ወደፊት ገፋኝ። ከኋላም አልቆመም፤ መድኃኒት ልፈልግ ብሎ ወጣ። አሁን ይህ ከአባቴ ደም ጋር ምን ያገናኘዋል?»

ራሕሞ መልሱን ጽፋ ተነሳች።

ዓብዲወሊ የቤቱ አስተዳዳሪ ነው። ተከራይ የሚያነጋግረው፣ ቦቴ የሚያዘው፣ ለእንግዳ ሻይ የሚቀዳው እሱ ነው። አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል። ረጋ ያለ፣ ቁርኣኑን በልቡ የያዘ፣ ሰፈሩ የሚያከብረው ሰው። ለራሕሞም ሻይ ቀዳላት። ብርጭቆውን ሲያቀብላት የአውራ ጣቱና የሌባ ጣቱ ጫፍ ቀልቶ፣ ቆዳው ተልጦ አየች።

«እጅዎን ምን ነካው?»

«ፔርሙሱ አቃጠለኝ።»

«ሐጂ ሲወድቁ የት ነበሩ?»

«መንገድ ላይ፣ ከቦቴው አጠገብ። ሐሙስ ከአስር በኋላ ውሃ ይመጣል። ሐጂ ታንከሩ ሲሞላ በዓይናቸው ካላዩ አያምኑም። ጣሪያው ላይ ሆነው ‹በቃ› አሉኝ። ታች ደግሞ ቧንቧው ያፈስ ነበርና ይውረዱ ብዬ ጠራኋቸው።»

«ከመንገድ እስከ ጣሪያ ተሰማዎት?»

«እንዴት አይሰማኝ? ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶኛል፣ ይጠይቁ።»

ራሕሞ ሻይዋን ጨርሳ አመሰገነችው። ስትወጣ የቤቱን ነጭ መኪና ዞር ዞር ብላ አየች። ከአቧራ በስተቀር ምንም የለበትም፤ በዚያ መንገድ ላይ ቀለም የሚቀባ ቤትም አልነበረም።

የቀራት አንድ ጥያቄ ነው፤ ለምን? ቅዳሜ ዕለት 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር ወደሚኖሩት የጎሳ ሽማግሌ ወደ ሐጂ አብሺር ሄደች።

«በሐጂ ዲሪር ላይ ቂም ያለው ሰው አለ?»

«የለም» አሉ ሽማግሌው። «የነበረውም ተዘግቷል።»

«የተዘጋውን ይንገሩኝ።»

ሐጂ አብሺር ፊታቸውን አጠቆሩ። በእነሱ ሥርዓት ሽማግሌ የዘጋውን ጉዳይ መልሶ መክፈት ነውር ነው። ራሕሞ ግን ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ከፍታ እስክሪብቶዋን አነሳች፤ በመጨረሻ ተናገሩ።

«አምስት ዓመት ይሆነዋል። መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ቁልቁለት ላይ የዲሪር ቦቴ ፍሬን እምቢ ብሎት ሕፃን ገደለ። ሾፌሩም አብሮ ሞተ። ልጁ ሙአዝ ይባላል፤ የዓብዲወሊ ልጅ ነው። መካኒክ ሲያየው የፍሬን ዘይት የሚይዘው የፕላስቲክ ዕቃ ተሰንጥቆ በሙጫ ተጣብቆ ነበር። ዘይቱ አልቆ ነው። ዲሪር ራሱ ተነስቶ ‹አጣብቁት ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው› አለ። በአንድ ቀን አስታረቅናቸው። ዓብዲወሊን እጁን ይዘን አጨባበጥነው። ዲሪር ደግሞ ሥራ ሰጠው፣ ቤተሰብ አደረገው። እንዲህ ያለ ዕርቅ ታይቶ አይታወቅም።»

«ዓብዲወሊ ዕርቁን ተቀብሎ ነበር?»

«ጎሳው ተቀብሏል» አሉ ሽማግሌው።

እሑድ ከአስር በኋላ፣ የሐዘኑ መጨረሻ ላይ ራሕሞ ሁሉንም በእንግዳ መቀበያው ሰበሰበቻቸው። ሐጂ አብሺር ከወደ መስኮቱ ተቀመጡ። ናጂብ መሐል ላይ ነው። ዓብዲወሊ ሻይ ሊቀዳ ሲነሳ ራሕሞ በእጇ ምልክት አስቀመጠችው። ሂቦ ኮሪደሩ ላይ ከመጋረጃው ወዲያ ናት። የሱፍ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል፤ ኡምሰልማም አብራው መጥታለች። ናጂብ የሱፍን ሲያይ ተነሳ።

«አባቴ ቤት ውስጥ ታስገቡታላችሁ?»

«ተቀመጥ» አለችው ራሕሞ። «ደም ነው የምትፈልገው፤ መጀመሪያ የማን እንደሆነ እወቅ።» እግሩን ከከረጢቱ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይህን ጥቁር መስመር ሁላችሁም እዩት። ይህ የየሱፍ ብየዳ ነው። መሐል ለመሐል ተቆርጧል፤ በሁለቱም በኩል ግማሽ ግማሹ ቀርቷል። ሙጫው ያለው በተቆረጠው ፊት ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ተበየደ፣ ቀጥሎ በመጋዝ ተቆረጠ፣ በመጨረሻ ተጣበቀ።»

«ራሱ ቆርጦትስ ቢሆን?» አለ ናጂብ።

«ይህን ፕላስቲክ ሱፐር ግሉ አይዘውም። ጥቂት እርምጃ ያስኬዳል፣ ደረጃ ሲወረድ ሙሉ ክብደት ሲያርፍበት ግን ይለቃል። ሐጂ ግን ረቡዕ ሙሉ ቀን ሄደውበታል፤ ጣሪያም ወጥተውበታል። እንግዲያው ሙጫው የገባው ሐሙስ ነው፣ እግሩ ኮሪደሩ ላይ በቆመበት ሰዓት። በዚያ ሰዓት በሩ ተቆልፎ ነበር። የሱፍ ውጭ ነው። ውስጥ የነበሩት ሂቦ፣ ናጂብና ዓብዲወሊ ናቸው።»

ከመጋረጃው ወዲያ የሂቦ ትንፋሽ ይሰማል።

«ያንን ያደረገው ሰው በጥድፊያ ሠርቷል፤ ጣቱ ላይ ሙጫ ደረቀበት። ይህ ለሌላ ሰው ምንም አይደለም፤ ለሚሰግድ ሰው ግን ጭንቅ ነው። ሙጫ የሸፈነውን ቆዳ ውሃ አይነካውም፣ ውሃ ካልነካው ደግሞ ከሰላት በፊት የሚታጠቡት ውዱእ አይሟላም። አዛን ሲሰማ ናጂብ እንደ ሁልጊዜው ሰው ተከትሎ ሊሰግድ መጣ፤ ጭራሽ አሰገደ። የወትሮው አሰጋጅ ግን ጉሮሮዬ ተዘግቷል ብሎ ሸሸ። ይኸው ሰው ትንሽ ቆይቶ ከመንገድ እስከ ጣሪያ የሚሰማ ጩኸት ጮኸ። ጎረቤቱን ጠይቄያለሁ፣ ሰምቷል።»

ሁሉም ወደ ዓብዲወሊ ዞሩ። እሱ አልተንቀሳቀሰም።

«በመካከሉ ከሂቦ ሱቅ አሴቶን ወስደዋል፤ መኪና ላይ ለነጠበ ቀለም ብለው። ቀለም የለም። አሴቶን ሱፐር ግሉን ከቆዳ ያስለቅቃል፣ በኃይል ከፈተጉት ግን ቆዳውንም ይልጣል። ፔርሙስ እንዲህ አያቃጥልም። ሰው ሊገድሉ ተነስተው ያለ ውዱእ አሰግደው የሰው ሰላት ላለማበላሸት ወደኋላ አሉ፣ ዓብዲወሊ። በእኔ ግምት ያሳወቀብዎት ይኸው ደግነትዎ ነው።»

ዓብዲወሊ የተላጠ ጣቱን አየ። ከዚያ በረጋ ድምፅ ተናገረ።

«ከኋላዬ የሚቆሙት ሰዎች ምንም አላደረጉኝም» አለ። «ልጄ ሰባት ዓመቱ ነበር። መካኒኩ ያን የተሰነጠቀ ዕቃ እጄ ላይ አስቀምጦ ‹ይህን ፕላስቲክ ሙጫ አይዘውም› ብሎኛል፤ ስለዚህ ፕላስቲክ እኔም ተምሬአለሁ። ቀብሬው ሳልመለስ እጄን ይዘው ዲሪር እጅ ውስጥ አስገቡት። እኔን የጠየቀኝ የለም። ጎሳዬ ታረቀልኝ። ከዚያ ሥራ ሰጠኝ፣ አገር ሁሉ ስለ ደግነቱ አወራ። አምስት ዓመት ሻዩን ስቀዳለት በልጄ ሞት ልክ የሆነ ሞት ነበር የምፈልግለት። በቢላ ልገድለው እችል ነበር፤ አልፈለግኩም። በዚያው ሙጫ እንዲሞት ነው የፈለግኩት።»

«ይህንን ሰውስ?» አለች ራሕሞ ወደ የሱፍ እያመለከተች። «እሱ ምን አደረገዎት?»

«ምንም። ጎሳ የሌለው ሰው ስለሆነ ነው የመረጥኩት። ዱካዬን የሚከተል እንዳይኖር።» ለአፍታ ቀና ብሎ የሱፍን አየው። «እሱን በድያለሁ። በዲሪር ግን አልጸጸትም። ረክቻለሁ።»

ናጂብ ተወርውሮ ሊያንቀው ሲል ፖሊሶቹ ያዙት። «ስጡኝ!» ይላል፤ «የአባቴን ደም ስጡኝ!»

«አንድ ነገር ይቀራል» አለች ራሕሞ፤ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ይህን ባልናገር እመርጥ ነበር። ዓብዲወሊ ግን ረክቻለሁ ብለዋል፤ በውሸት ረክተው እስር ቤት እንዲገቡ አልፈልግም። የሱፍ፣ ሐጂ እግራቸውን ይዘው ሲመጡ ምን አሉህ?»

«ሠላሳ ዓመት ይህን ዓይነት እግር አድርጌአለሁ፣ ሙጫ እንደማይዘው አውቃለሁ አሉኝ። ሱፐር ግሉ ያሏቸውን ሦስት ጠጋኞች ጥለው ነው የወጡት።»

«እንግዲህ አስቡት» አለች። «የፍሬን ዘይት የሚይዘው ዕቃም ተንሳፋፊው ፕላስቲክ ነው። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰው፣ በዓለም ላይ ካሉ ሰዎች ሁሉ ‹በሙጫ አጣብቁት› የማይሉ ሰው እሳቸው ነበሩ። ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አሉ? ሾፌሩ ቢያደርገው ኖሮ ሞቷል፣ እሱን መሸፈን ምን ይጠቅማቸዋል? የሸፈኑት በሕይወት ያለ ሰው ነው። ያገኘውን ሁሉ የሚያጣብቅ ሰው።»

ናጂብ ከፖሊሶቹ እጅ መታገሉን ተወ። ቁጣው ከፊቱ ላይ ወረደና ከሥሩ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊት ታየ።

«አዲሱ ዕቃ እስኪመጣ ለሁለት ቀን ብቻ ብዬ ነው» አለ፤ የሚሰማው ሰው መኖሩ በሚያጠራጥር ድምፅ። «አባቴ ሲያውቅ መታኝ። ከዚያ ‹አፍህን ዝጋ፣ እኔ ነኝ እላለሁ› አለኝ።»

ዓብዲወሊ ቀስ ብሎ ከተቀመጠበት ተነሳ። ናጂብ ላይ ሊሄድበት አልሞከረም። ግድግዳውን ያዘ።

«አምስት ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሻይ ጠጣ» አለ። «አንድ ቀን እንኳ እኔ አይደለሁም አላለኝም።»

«አባት ነበሩ» አለች ራሕሞ።

«እኔስ ምን ነበርኩ?» አለ ዓብዲወሊ።

ሐጂ አብሺር ያን ዕርቅ የዘጉበትን ቀን እያሰቡ ይሁን አይሁን አይታወቅም፤ ወለሉን ብቻ ያዩ ነበር። ከዚያ ወደ ናጂብ ዞሩ።

«ባለደሙ አንተ ነህ። ምን ትላለህ?»

ሦስት ቀን ሙሉ ደም ደም ሲል የከረመው ልጅ ወደ ቦታው ተመለሰ። «ሽማግሌ ይቀመጥ» አለ በመጨረሻ። «ዕርቅ ይሁን።»

«እኔ አልታረቅም» አለ ዓብዲወሊ። «ግደለኝ፤ መብትህ ነው። እኔም ባለደም መሆኔን ግን አትርሳ። በስህተት የአባትህን ደም ወሰድኩ እንጂ ያንተን አልወሰድኩም።» ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ወደኋላ አልዞረም።

ኡምሰልማ የየሱፍ ካቴና እስኪፈታ እንኳ አልጠበቀችም፤ ክንዱን ይዛ በሩ ላይ አድርሳዋለች። ናጂብ ከኋላ ተከተላቸው። በተሰበሰበው ጎረቤት ፊት፣ ሐሙስ ዕለት የየሱፍን አፍ ያደማበትን እጁን ዘረጋ።

«አፉ በለኝ፤ ይቅር በለኝ» አለው።

የሱፍ የተዘረጋውን እጅ አየው። በዚህ አገር እጁን የዘረጋ ሰው ባዶውን እንዳይመለስ ሌላው በግድ እንደሚጨብጥ ዛሬ ሰምቷል።

«ሱቄን ላፈረስክበት አፉ ብዬሃለሁ» አለ። «ልታስገድለኝ ለፈለግክበት ግን ገና ነኝ። አፉ ያልኩህ ቀን ራሴ መጥቼ እነግርሃለሁ።»

ከዚያ ሚስቱን አስከትሎ መንገዱን ተሻገረ።